በቃል የተለካ ሱሪ

አዲሱ ሱሪዬ አልቆለፍ ቢለኝ፣ በወረቀት ጠቅልዬ ወደ ልብስ ሰፊው ወደ ጋሽ መቀስ ሱቅ ገሠገሥኩ። ይህን ስም ያወጣንላቸው ከጨርቅ ይልቅ በአንደበታቸው ስለሚቆርጡ ነው። በር ላይ ምሳ ይዛላቸው ከመጣችው፣ ሆስፒታል ነርስ ከሆነችው የእህታቸው ልጅ ጋር ተገጣጠምን።

ስንገባ ሽማግሌው አብራቸው የምትሠራውን ቁልፍ ሰፊ ከሥራ እያሰናበቱ ነበር። ወረርሽኙ ወንድማቸውን ከወሰደ፣ የጨርቅ ዋጋም ጣራ ከነካ ወዲህ ሆደ ባሻ ሆነዋል። ያን ሰሞን ደግሞ «ባለ ሰባት ቀኑ» የምንለው እጩ፣ በሽታውንም ኑሮ ውድነቱንም ያመጡት ከሌላ አገር የመጡ ሰዎች ናቸው፣ ምረጡኝና በሰባት ቀን አስተካክላለሁ እያለ በድምፅ ማጉያ ይዞራል። ቁልፍ ሰፊዋም የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ከሌላ አገር የመጣች።

«ዘጠኝ ልብስ ጠበበ ተብሎ ተመለሰብኝ» አሉ ጋሽ መቀስ። «ሰውየው እውነቱን ነው።»

«አጎቴ፣ እሷ ቁልፍ እንጂ ወገብ አትሰፋም» አለች ነርሷ። «ልኩን ማን ወሰደ?»

በወረርሽኙ ጊዜ መነካካት ሲፈራ፣ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ልኩን በቃሉ እንዲናገር አድርገው ነበር። በሽታው ሲሄድ ልማዱ አብሮ አልሄደም።

«ሰው በገዛ ወገቡ ይዋሻል እንዴ?» አሉ ሽማግሌው።

የያዝኩት ጥቅል ከበደኝ። ነርሷ ግን ቀጠለች፤ «ሆስፒታል አያለሁ እኮ። የጨነቀው ሰው ‹ዛሬውኑ አድንሃለሁ› የሚለውን እግሩን ይስማል፤ ‹መድኃኒቱን ስድስት ወር ውሰድ› የሚለውን ይራገማል። እርስዎ አዝነዋል፣ ተቸግረዋል። ሰውየው ሐዘንዎን አላቀለለልዎትም፤ የሚጠሉት ሰው ብቻ ነው የሰጠዎት።»

ሽማግሌው ግን ሐሳባቸውን አልቀየሩም። ቁልፍ ሰፊዋ ኮቷን ደርባ መርፌዎቿን ስትለቅም ሳይ አፈርኩ።

«ጋሼ፣ እኔ ዋሽቻለሁ። ሰማንያ አራት ያልኩት የድሮ ወገቤን ነው።»

ሜትር አነሡና ወገቤን ለኩ። «ዘጠና ሦስት!» አላመኑም፤ ደገሙት። ቁልፍ ሰፊዋ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ልጄ፣ ኮትሽን አውልቂ» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ይቅር በይኝ።»

«ነገ ኑሮ ደግሞ ሲከብድስ?» አለች ቁልፍ ሰፊዋ።

«ከማባረሬ በፊት ‹ለክተዋል ወይ?› በይኝ።»

ከዚያ ወዲህ ሁሉም በሜትር ይለካል፣ የሚመለስ ልብስ የለም፣ የራቀው ደንበኛ ተመልሶ ለሁለቱም እንጀራ ሆኗል። የከፋ ቀን ቁጣን ቶሎ ያስይዛል፤ ጥያቄን ያስቀደመ ግን አይከስርም። ባለ ሰባት ቀኑ ሱቃቸው ድረስ መጥቶ ሲጨብጣቸው፣ ጋሽ መቀስ «በሰባት ቀን እንዴት አድርገህ?» ብለው ጠየቁት፤ መልስ እስኪሰጣቸው ድረስም እጁን አልለቅም አሉ። ያስለቀቁት ረዳቶቹ ናቸው።