ድንጋይ ያጣሁበት የባሕር ዳርቻ

በእኛ ጊዜ ሰው ውኃ ዳር የሚወርደው ከብት ሊያጠጣ ነው፣ ልብስ ሊያጥብ ነው፣ አለዚያም ጠበል ሊጠመቅ ነው፤ ተራቁቶ ሊሰጣ ሲወርድ ያየሁት እዚያ ነው። ሊሰጣ አልኋችሁ! እንደ ብቅል! ታዲያ ልጄ ሙሉ፣ ያቺ ኬንያ ባሕሩ አፋፍ ላይ ሆቴል የምትሠራው፣ «አባባ፣ ሆቴሉ ለሠራተኛ ወላጅ አንድ ሳምንት ይፈቅዳል፣ ይምጡና ዓለምዎን ይዩ» አለችኝ፤ እና ሄድሁ፣ ምን ላድርግ።

ዓለሜን አየሁ! ምግቡ እንደ ሠርግ ቤት ተደርድሯል፣ ሠርገኛ ግን የለም፤ ሁሉም ሳህኑን ይዞ ለየብቻው ይዞራል፤ «ብሉ እንጂ፣ በሞቴ» የሚል አንድ ሰው ጠፋ። ወሩ ደግሞ ፍልሰታ ነው፤ እና እኔ በየቀኑ ድንችና ሐብሐብ። ሙሉ «አባባ፣ ይህን ዓሣ እንኳ ይቅመሱ» ትለኛለች። «በፍልሰታ ዓሣ ማን ፈቀደልሽ?» አልኋት።

ታዲያ በአራተኛው ቀን ከሆቴሉ ኋላ ሜዳ አሳየችኝ። ሣር፣ እናንተዬ! አንድ ጥጃ የማይረግጠው ሣር! እኛ ለግጦሽ ስንካሰስ እንኖራለን፣ እነሱ አጭደው ይጥሉታል! እና ሜዳው ላይ አራት ሽበታሞች ዱላ ይዘው ሩር የምታህል ኳስ ይመታሉ።

«ሙሉ፣ ገና ነው እንዴ የሚጫወቱት?»

«ጎልፍ ነው አባባ። ቁጭ ብለው ይዩ። ያ ቀይ ኮፍያ ያደረገው የሆቴሉ ትልቅ ደንበኛ ነው። እኔም ሰኞ ኃላፊ ልሆን ነውና አደራ፣ እንዳያስወቅሱኝ» ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ቁጭ አልሁ። አንዱ ይመታል፣ ሦስቱ ቆመው ያያሉ! የሚቀማ የለ፣ የሚሮጥ የለ፣ የሚጮህ የለ! ኧረ ወዲያ! ይህ ጨዋታ ነው ልቅሶ? እኔ እኮ በደባርቅ የገና ጨዋታ አለቃ የነበርሁ ሰው ነኝ። ይህን እያልሁ ሩሯ መጥታ እግሬ ሥር አረፈች። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ከዘራዬን ገልብጬ ለጋኋት! ጉልበቱ ከየት መጣ አትበሉኝ፣ ተከትዬ ሮጥሁ፣ ደገምኋት፣ ሠለስኋት፣ እና ሜዳው ላይ ከተተከለው ባንዲራ ማዶ አሻግሬ «አገባሁ!» ብዬ ጮህሁ።

ባለ ቀይ ኮፍያው ፊቱ በርበሬ መሰለ። «ኖ! ኖ! ኖ!» ይላል። እኔም «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» አልሁት። ለካ እዚያ ጌታ ይቆጣል። ሥራ አስኪያጁ መጣ፣ ሙሉ ተጠራች። እና ልጄ፣ እኔ ቀና ብላ እንድትሄድ ያሳደግኋት ልጅ፣ ሰውዬው ፊት አጎንብሳ ስትለማመጥ አየኋት።

ታዲያ ያጠፋሁ እኔ፣ የምታጎነብስ እሷ ለምን? ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ አልሁ። ብፈልግ፣ ብፈልግ፣ ድንጋይ የለ! አሸዋ፣ አሸዋ፣ አሸዋ! ሊማሊሞ ላይ ድንጋይ እየተናደ መንገድ ይዘጋል፣ እዚያ ለአንድ በደለኛ የሚሆን ጠፋ! ይህም አገር ተብሎ! በመጨረሻ ከአበባው ጥግ ኖራ የተቀባ ድንጋይ ነቀልሁና፣ ማጅራቴ ላይ ጭኜ፣ ሰውዬው ምሳ ከሚበላበት ሄጄ ጎንበስ አልሁ።

ተበዳይ «አውርድ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር» ሊል ይገባል፣ አይደለም? ምን አደረገ መሰላችሁ? ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣኝ! ጓደኞቹም ተነሥተው አነሡኝ! እየሳቁ! እኔ «አውርድ» ካልተባልሁ አላወርድ፣ ደንቡ ነው፤ ወገቤ እየተቆረጠ ቆሜ ቀረሁ።

ሙሉ እየሮጠች መጣች። ድንጋዩን በሁለት እጇ ከማጅራቴ አነሣችልኝ። እያለቀሰች «አባባ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር» አለችኝ።

«ኃላፊነቱስ፣ አያ ታከለ?» ስትል ይህን ሁሉ ሲያወጉ ስታዳምጥ የቆየችው ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጥሩ ጠየቀች።

«ለሌላ ሰው ሰጡባት። ስትደውል "እኔ አልተቀየምሁም" ትለኛለች። እኔ ግን ያንን ፎቶ አንሺ እስከ ዛሬ አልማርሁትም! "አውርድ" ማለት ምን ይከብዳል?»

«ኧረ እሱን ይተዉት!» አለች ጥሩ እየሳቀች። «የበደሉት ልጅዎን፣ ያወረደችልዎም እሷው። ከዚህ ወዲያ ማንን ይጠብቃሉ?»