የሉባባ ጉልበት

(ረፋድ፣ ኮምቦልቻ ዳር። የአሥራ ስድስት ዓመቷ የሉባባ አባት እብሬ፣ ሽመሉን ይዞ የወጌሻውን የጋሽ ይመርን በር በርግዶ ገብቷል።)

እብሬ፦ እጅህን መደቡ ላይ አስቀምጥ።

ይመር፦ የትኛውን?

እብሬ፦ ልጄን ያሸህበትን።

ይመር፦ በሁለቱም ነው ያሸኋት። ቀኙ ይብሳል፣ በሱ ጀምር።

እብሬ፦ አትቀልድብኝ፣ አንተ ሽማግሌ። ወለምታ ነው ብለህ ሦስት ወር ሙሉ ጉልበቷን በቅቤ ስታሽ፣ ስትጠመዝዝ፣ በቀርከሃ ስታስር ከረምህ። ሆስፒታል ብወስዳት የአጥንት ካንሰር ነው አሉኝ።

ይመር፦ ያ አላህ። በዚህ ዕድሜዋ?

እብሬ፦ ይኼው ካንሰር የሚወደው ይኸን ዕድሜ ነው አለ ሐኪሙ፤ ቁመት የሚጨምሩበትን። «ሌሊት ያማት ነበር?» ሲለኝ ምን ልበለው? ስታለቅስ «ወጌሻ የነካው ያማል፣ ቻይው» እያልኩ ዝም ሳሰኛት ነበር።

ይመር፦ ሁለተኛ ቀን ስትመጡ «ይኼ እብጠት ያተኩሳል፣ ወለምታ እንዲህ አይሞቅም፣ ሐኪም ይየው» ብዬህ ነበር።

እብሬ፦ ብለሃል። ማሸቱን ግን መች ተውክ?

ይመር፦ አልተውኩም። ስትለምኑኝ እንቢ ማለት ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።

እብሬ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እንካ። ይኸንም እንካ። አትጮህም እንዴ?

ይመር፦ ከጮኽኩ ጎረቤት መጥቶ ይገላግለናል። ሁለት ጣቴ ሄዷል፤ የሰው ስብራት ስጠግን ኖሬ የኔን ማን እንደሚጠግነው እንጃ። ሐኪሞቹ ምን ይደረግ አሉ?

እብሬ፦ እግሯ ከጭኗ ይቆረጥ፣ ወደ ሳንባዋ ሳይወጣ ዛሬውኑ ፈርም አሉኝ።

ይመር፦ ፈረምህ?

እብሬ፦ የልጄን እግር ቁረጡ ብዬ? በመረብ ኳስ ዋንጫ ያመጣችበትን እግር?

ይመር፦ እስክሪብቶው ከሽመልህ ከበደህ? ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ እብሬ።

እብሬ፦ እገልሃለሁ፣ ወላሂ።

ይመር፦ ግደለኝ። አንተ ከታሰርክ ማን ይፈርምላታል?

እብሬ፦ ቆይ፣ ሚስትህ የት ሄደች? በሩንስ ለምን አልቀረቀርክም? እንደምመጣ ማን ነገረህ?

ይመር፦ ሉባባ ከሆስፒታል ደወለችልኝ። «አባቴ ሊደበድብዎት እየመጣ ነው፣ አይሽሹ። ንዴቱ ካልወጣለት አይፈርምም፣ እኔ ደግሞ መኖር እፈልጋለሁ» አለችኝ። ግራው እጄ ይኸውልህ። ቶሎ ጨርስና ሂድ፣ ልጅቷ እየጠበቀችህ ነው።