ስክሪፕቱ ላይ የሌለው ጠብ

እንጦጦ ፓርክ ፊልም የሚቀርጹ ልጆች ጋቢዬን አዩና «አባባ፣ ባልና ሚስት የሚያስታርቁ ሽማግሌ ይሁኑልን» አሉኝ። ሰፈሬ ሲግናል ስንቱን ትዳር አስታርቄ የለ? እሺ ብዬ ተቀመጥኩ። ሚስት የሆነችው ተዋናይ ታለቅሳለች፤ ኩሏ ግን ንቅንቅ አይልም። ባል ተብዬው አበባ ይዞ ተንበረከከ። ወዲያው ዳይሬክተሩ «በቃ ታረቁ፣ ይመርቋቸው!» አለኝ።

«ቆይ እንጂ! ለመሆኑ በምንድን ነው የተጣላችሁት?» አልኳቸው።

«ካት! አባባ፣ እሱ እኮ ስክሪፕቱ ላይ የለም» አለ ዳይሬክተሩ።

«ታዲያ ምኑን ነው የማስታርቀው? አበባውን?» ብዬ ጋቢዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ተዋናይዋ በሩጫ ደረሰችብኝ። «አባባ፣ ከእውነተኛው ባሌ ጋር ያስታርቁኛል?» አለችኝ። ኩሏ ጉንጯ ላይ ወርዷል።