በውሃ ልክ የተገጠመው የሎኪ መጸዳጃ

ክቡራትና ክቡራን፣

የመሰናበቻ ንግግር እንዲህ ተብሎ እንደሚጀመር ሰምቻለሁ። ዙሪያዬን ሳይ ግን ከጀልባ መሥሪያችን ሰዎች ክብርት የምትባል ሲርፓ ብቻ ናት። የቀራችሁት ቀለም የነካውን ቱታችሁን እንኳ አላወለቃችሁም። ቢሆንም ለዛሬ ክቡራን ናችሁ፤ ነገ ወደ ድሮ ማዕረጋችሁ ትመለሳላችሁ።

በመጀመሪያ አለቃችንን ራይሞን አመሰግናለሁ። የሳልመን ዓሣውን ሾርባ የሠራው፣ የእንፋሎት መታጠቢያችንን ሳውናውንም ከጠዋት ጀምሮ ሲያነድ የዋለው እሱ ነው። «ቱሊኪ፣ ንግግርሽ ከሳውናው እንጨት ቀድሞ ይለቅ» ብሎኛል። እሞክራለሁ። ሲርፓም ቢሮዋን ዘግታ ጠረጴዛውን ስላስጌጠችልኝ እግዜር ይስጥልኝ። አበባው የተቀመጠው በሞተር ዘይት ጣሳ ነው፤ ግን ታጥቧል።

ስለ ሥራዬ ብዙ አልናገርም። ሸራ ሰፋሁ፣ የጀልባ ፍራሽ አለበስኩ። ስፌቴ የተተረተረበት ደንበኛ ካለም ባሕር መሃል ስለሚሆን ስሞታው እዚህ አልደረሰም። ዛሬ የቆምኩት ስለ መጸዳጃ ልናገር ነው።

አትሳቁ። ፔንቲ፣ አንተ አናጢው በተለይ አትሳቅ፤ ገና ስምህ ይነሳል።

ታሪኩን ለማያውቁት ባሎቻችሁና ሚስቶቻችሁ ልንገራቸው። ልጄ ኦስሞ ሎኪ የምትባል ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ነበረችው። ካቻምና፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ አረፈ። ባሕር አይደለም የወሰደው፤ በተኛበት ልቡ ቆመች። እኔም ሎኪን ራሴ በሰፋሁት ሸራ ሸፍኜ እዚህ መጋዘን ጥግ ተውኳት። ሁላችሁም እየዞራችኋት አለፋችሁ። አንድ ሰው እንኳ «ይቺን ጀልባ ምን እናድርጋት?» አላለኝም። ለዚህ ብቻ ቆሜ ባመሰግናችሁ ይበቃ ነበር።

ያለፈው በጋ ሲያበቃ እሸጣታለሁ አልኩ። ባልና ሚስት ከቱርኩ ከተማ መጡ። ሴትዮዋ ውስጧን ዞር ዞር ብላ አየችና «መጸዳጃው የታለ?» አለች። ባልዲውን አነሳሁላት። ኦስሞ «እማ፣ ባልዲ ያልበቃው ሰው ባሕርም አይበቃው» ይል ነበር። ለሴትዮዋም ይህንኑ ነገርኳት። ደህና ዋይ እንኳ ሳትለኝ መኪናዋ ውስጥ ገባች።

«መጸዳጃ ከሌላት አትሸጥም» አለ ራይሞ። «ደረቁን እናስገባላት፤ ውሃ የማይፈልገውን፣ ብስባሽ የሚያደርገውን።»

ይህ ጀልባ መሥሪያ ያበደው ያን ቀን ነው። ለምን አያብድ? ሁላችንም በበጋ ጎጆአችን ጓሮ፣ ደረቅ መጸዳጃ ላይ ያደግን ሰዎች ነን፤ ሁሉም ሊቅ ነው። ፔንቲ «የጥድ ሰጋቱራ ነው የሚነሰነሰው፤ አባቴ ሌላ ነገር ነክቶ አያውቅም» አለ። ራይሞ «የአባትህ መጸዳጃማ እስከ አስፋልቱ ይሸት ነበር! የረግረግ አፈር ነው እንጂ» አለ። በሃይማኖትና በምርጫ ሳንጣላ የኖርን ሰዎች በሰጋቱራ ተኳረፍን። በመጨረሻ ሲርፓ ሁለቱንም በአንድ ባልዲ ቀላቀለችና «ይኸው፣ አሁን ሁለታችሁም ተሳስታችኋል» አለች።

ቀጥሎ የመቀመጥ ጉዳይ መጣ። ይህ መጸዳጃ ፈሳሹን ከፊት ወደ ጄሪካን፣ ሌላውን ከኋላ ወደ ሰጋቱራው ይለያል። ስለዚህ ወንድ ሴት ሳይባል መቀመጥ ግዴታ ነው።

«ወንድ ልጅ፣ ጀልባ ላይ፣ ቁጭ ብሎ?» አለ ራይሞ።

«አታጥርም፤ ቁጭ በል» አለችው ሲርፓ።

የሚገጠምበት ቦታ የኦስሞ የዝናብ ካፖርት የተሰቀለበት ጠባብ ቁም ሣጥን ነበር፤ ሎኪ ሌላ ቦታ የላትም። ፔንቲ ካቻቢቴውን ይዞ ገባና ቢጫውን ካፖርት አይቶ ቆመ።

«ቱሊኪ፣ ይህን ማን ያንሳው?»

«አይነሳም።»

ሜትሩን አወጣ። ኮምፔንሳቶውን እንደገና ለካ፣ ቆረጠ፣ ካፖርቱን ሳይነካ ዙሪያውን ሠራ። በዚህ ምክንያት እዚያ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ አንድ ቢጫ እጅጌ ትከሻው ላይ ያርፍበታል፤ የሚያጽናናው ነው የሚመስለው።

ግን ፔንቲ፣ ያን ቀን ውሃ ልኩን ስትይዝ ምን ነካህ? ፔንቲ ውሃ ልኩን እንደ መዝሙር መጽሐፍ ነው የሚይዘው። አረፋዋ መሃል ላይ እስክትቆም ብሎኖቹን አጠበቀ፣ ተቀመጠበት፣ «እንደ ቤተ ክርስቲያን ወንበር!» አለ። እውነቱን ነው፤ ቀጥ ብሏል። ያዘነበለው የመጋዘናችን ወለል ነበር። ዝናብ ቢገባ ወደ ባሕሩ እንዲወርድ ተብሎ የተሠራ ወለል መሆኑን፣ ሾርባችን እንኳ በሳህኑ አንድ ወገን እንደሚከማች የማያውቅ እዚህ አለ? የለም። ያስታወሰስ? እሱም የለም። ሎኪ አዘንብላ ቆማ ሳለች መጸዳጃዋ ቀጥ ብሎ ተገጠመላት።

በረዶው ሄደ፣ ባሕር ላይ አወረድናት። ያኔ እሷ ቀጥ አለች፤ መጸዳጃው አዘነበለ።

ራይሞ አለቃ ነኝና ቀድሜ ልሞክር አለ። ገባ። በሩን ዘጋ። ከዚያ ጓ!

«ምን ሆንክ?» አለ ፔንቲ።

«ተንሸራተትኩ!»

«ወዴት?»

«ካፖርቱ ውስጥ ነኝ!»

«ፈሳሹስ?»

«እሱም ተከትሎኛል።»

ሊያስተካክሉት ሁሉም ተንጋግተው ገቡ። ጀልባዋ በክብደታቸው ወደ ግራ ስታዘነብል የውሃ ልኩ አረፋ ወደ ቀኝ ይሮጣል፤ ወደ ቀኝ ሲጠጉ ወደ ግራ። ፔንቲ «ማንም እንዳይተነፍስ!» ሲል ራይሞ ያስነጥሳል።

«አንተ ውጣ» አለችው ሲርፓ። «አንተ ባለህበት ቀጥ የሚል ነገር የለም።»

እኔ የጀልባዋ መውረጃ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ሎኪ ውስጥ መግባት እፈራ ነበር፤ አፋፏ ላይ ደርሼ ነበር የምመለሰው። ያን ቀን ግን ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ስስቅ ስስቅ እንባዬ መጣ። እናንተም ሁላችሁ ድንገት ውሃ ልኩን አተኩራችሁ ማየት ጀመራችሁ። እንዳላያችሁ ስትሆኑ አይቻችኋለሁ።

ብዙ ሳይቆይ ሌላ ገዢ መጣ፤ ትሁት ሰውዬ። በተቃናው መጸዳጃ ላይ ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ የሰጋቱራውን ማደባለቂያ አሽከረከረ። «እወስዳታለሁ» አለ። «ይህ ካፖርት ብቻ ይነሳልኝ።»

የሚገባ ጥያቄ ነው። በሰው ካፖርት ሥር መጸዳዳት ማን ይወዳል? እኔ ግን «አትሸጥም» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የራሴ ነበር። ከኋላዬ ፔንቲ «ተመስገን!» አለ። ራይሞ ደግሞ ሰውየውን አቅፎ እስከ መኪናው ሸኘው። ገዢ አምልጦት እንደዚያ የተደሰተ ነጋዴ አይቼ አላውቅም።

ኦስሞ በየበጋው «እማ፣ ኡቶ ደሴት እንሂድ፤ ለመርከቦች የሚያበራው የመብራት ማማ ሥር እናድራለን» ይለኝ ነበር። እኔም «መጸዳጃ ስታስገባ ጥራኝ» እለው ነበር። ይኸው ገባ። ምን ሰበብ ቀረኝ?

ሥራ የማቆመው ለዚህ ነው፤ እንደሚወራው ወገቤን አሞኝ አይደለም። ነገ ጠዋት፣ ነፋሱ ከፈቀደ፣ ከሎኪ ጋር ወደ ኡቶ እሄዳለሁ።

ራይሞ፣ እግዚአብሔር ሥራህን ያብዛልህ። ሲርፓ፣ ከእነዚህ ወንዶች ጋር ስትኖሪ ትዕግሥት አይለቅብሽ። ፔንቲ፣ እጅህ አይዛል፤ የልጅ ልጅ እቀፍበት። ለሁላችሁም ልጆቻችሁ እናንተን ይሸኟችሁ እንጂ እናንተ እነሱን አትሸኙ።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ነገ ወደቡ ላይ ራሴን አውቀዋለሁ፤ መነጽሬን ረሳሁ እላለሁ፣ ምድጃ ሳላጠፋ ወጣሁ እላለሁ፣ ሸራውን አንዴ ደግሜ ልየው እላለሁ። አትስሙኝ። ገመዱን ፍቱና ግፉኝ። የእናንተም መውጫ ቀን ሲደርስ፣ የሚገፋ ሰው አያሳጣችሁ።