በልካችን የተጻፈ ሲምፎኒ

የተከበራችሁ የሟች ልጆች፣ ጎረቤቶች፣ የኦርኬስትራችን አባላት፤ የኮሚቴው ሰዎች፣ መጥታችኋልና እናንተም።

ልናለቅስ ነው የመጣነው። እኔ ግን ተናድጃለሁ፤ አልደብቃችሁም።

ጋሼ ላጲስ ማን ነበሩ? እርሳስ ከጆሯቸው፣ ላጲስ ከኪሳቸው የማይለይ ኖታ ጸሐፊያችን። አርባ ዓመት! ጋራዥ ውስጥ አሥራ አንድ ሆነን ስንጀምር፣ የጎደለንን መሣሪያ ድርሻ ሁሉ ላለነው ያከፋፈሉን እሳቸው ናቸው። ሲምፎኒ ኦርኬስትራ እንባል እንጂ ማን ነበርን? መካኒክ፣ ፖስተኛ፣ ልብስ ሰፊ።

ልብስ ሰፊዋ ያቻት። የግራ እጇን ትንሿን ጣት የስፌት መኪናው የቆረጠባት ጊዜ ቫዮሊኗን ቆልፋ ቤቷ ቀረች። እሳቸው ምን አደረጉ? ሙሉውን ሲምፎኒ ክር ለሚጫኑት ለቀሩት ሦስት ጣቶቿ ጽፈው በሯን አንኳኩ። «አራተኛው ድሮም ሰነፍ ነበር» አሏት። ሳቀች። መጣች።

እኔስ? የትራምፔቴ መሃለኛ ቁልፍ አንዴ ከተጫኑት አይመለስም ነበር። ያን ቁልፍ እንዳልነካ አድርገው ጻፉልኝ። በዓመቱ አሠራሁት፤ ወረቀቴን እንዳይቀይሩብኝ ብዬ ግን አልነገርኳቸውም። ለካ ያውቁ ኖሯል። አልቀየሩትም።

ታዲያ ሆስፒታል ሲተኙ ምን አደረግን? ኮሚቴው ሰበሰበን። ትክክለኛው የታተመ ኖታ ተገዝቷል፣ የእሳቸው ስህተት ነው ተባለ። ስህተት! ሁለት ቁም ሣጥን ሙሉ፣ የእያንዳንዳችን ጣት፣ የእያንዳንዳችን ትንፋሽ ልክ፣ በቆሻሻ መኪና ተጫነ። ማን ተቃወመ? ማንም። ይጣል ሲባል እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ይኸው፣ ይህን እጅ።

ልጠይቃቸው ስሄድ፣ «ቁም ሣጥኖቹ ደህና ናቸው? አይጥ አልገባም?» አሉኝ።

«ደህና ናቸው» አልኩ። እንዲህ ዋሽተን ሸኘናቸው።

ኮሚቴው ዛሬ የታተመውን እንድንጫወት አዟል። አንጫወትም። ቤታችን ረስተናቸው የተረፉ ሦስት ወረቀቶች አሉ፤ የልብስ ሰፊዋ፣ የፖስተኛው፣ የእኔ። እነሱን ብቻ እንጫወታለን። ዜማው ብዙ ቦታ ይቋረጣል። ያለቀ መስሏችሁ እንዳትሄዱ። ዝም የሚልበት ቦታ የጣልነው ነው። ቆማችሁ ስሙት።

ጋሼ ላጲስ፣ ይቅር ይበሉን ለማለት አፍ የለኝም። እርሳሱን ያስቀምጡና ይረፉ። ያን ቁልፍ ዛሬም አልነካውም።