አውቶቡሱ የሚዞርበት ቦታ
በደርግ ጊዜ ነው። ከጊዮርጊስ ወደ አስኮ በሚሄድ ውይይት ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊቴ የተቀመጠ አንድ ወጣት አጠገቡ ላሉት ሴትዮ፣ አስኮ የቤት መሥሪያ ቦታ በማኅበር እንደደረሰው ነገራቸው።

«ግን ፒያሳን መልቀቅ ከበደኝ፣ እማማ።»

«እኛ አስኮ ስንገባ መንገድም አልነበረም፣ ልጄ።»

«አውቶቡስስ?»

«የአውቶቡስ ድርጅቱ ሰዎች መዞሪያ ቦታ የላችሁም ብለው ከለከሉን።»

«ታዲያ እንዴት መጣ?»

«አጥሬን አፍርሼ ግማሽ ግቢዬን ሰጠሁ። ጎረቤቶቼ ድንጋይ ተሸክመው ደለደሉት።»

«አልሳሱም?»

«ጎመኔ አሳዝኖኝ ነበር። አውቶቡሱ መጥቶ ሲዞር ግን ሰፈሩ በሙሉ እልል አለ። ዛሬ ወፍጮ ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሱቁም እዚያው ፌርማታው ዙሪያ ነው።»

«ሰፈሩን እርስዎ ነዎት የቆረቆሩት ማለት ነው።»

«እኛ ነን።»

ፊት ለፊታቸው ሆኜ ስሰማ የነበርኩት፣ እንደ ወጣቱ የፒያሳ ልጅ የሆንኩት እኔም፣ በየቀኑ የምረግጠውን መንገድ ማን እንደደለደለው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አሰብኩ።