ውሃ የቀዱላት ወንዶች

ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር በምንሄድበት ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት እናት ከማያውቁት ወጣት ጎን ተቀምጠዋል።

«እናቴ፣ ለጠበል ነው?»

«የለም የኔ ጌታ፣ ልጄን ኳስ ስትጫወት ላያት ነው። ለክለብ ስትጫወት ዛሬ ገና ማየቴ።»

«ሴት ልጅዎን?»

«አዎ። በኛ አገር ከሷ በፊት ኳስ የነካች ሴት አላየንም። ከወንዶች ጋር ስትራገጥ ነው ያደገች።»

«ታዲያ ዝም አሏት?»

«ምን ዝም እላለሁ! መጀመሪያ ውሃ ቅጂ እላት ነበር። ወንዙ ሩቅ ነው፤ እስክትመለስ ይመሻል ብዬ።»

«እሺ ትላለች?»

«እሺ ብላ እንስራዋን አዝላ ትወጣለች። ቶሎ ትመለሳለች፤ ኳሱም አይቀርባት። ግራ ቢገባኝ አንድ ቀን ተከተልኋት። ለካ የሚቀዱላት ወንዶቹ ኖረዋል! እንስራውን እየተቀባበሉ አቀበቱን ሲወጡ አየኋቸው።»

«ወንድ ልጅ እንስራ አዝሎ! ሰው አልሳቀባቸውም?»

«ሳቀ እንጂ! እነሱ ምን ቸገራቸው፤ ‹እሷ ከሌለች እንሸነፋለን› አሉኝ።»

«አንቱስ ምን አሉ?»

«ምን እላለሁ ልጄ፤ እንስራው ቢከብዳቸው ጊዜ ጀሪካን ገዛሁላቸው።»

መንገድ ዳር ቢጫ ጀሪካን ያዘሉ ልጃገረዶችን ስናልፍ፣ ከዓይኔ እስኪጠፉ ድረስ ዞሬ አየኋቸው።